የጋሽ ሶርሳ ሥጋና የእኔ በርሜል

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ በሕይወቴ አረቄ አውጥቼ አላውቅም። ጠጥቼ አላውቅም አላልኩም፤ አውጥቼ አላውቅም ነው ያልኩት። ይህን ማለት ያስፈለገኝ ዛሬም ድረስ የታቦር ሰፈር ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ያ በርሜል እንዴት ሆነ?» ስለሚለኝ ነው። ምን ይሆናል? በርሜሉን ቀበሌ ወሰደው። ውስጡ የነበረውንም ቀበሌ በላው። አለቀ። ግን ሰው እንዲህ በአጭሩ ሲነግሩት የደበቁት ነገር ያለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ ልናገርና ልገላገል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ድራፍትስማን ነበርኩ፤ ማለትም ሌሎች የሚሠሩትን ነገር በወረቀት ላይ እሥላለሁ። በእጄ የሠራሁት ነገር ቢኖር አንድ የዶሮ ቤት ነው፤ እሱም ዶሮዎቹ ገብተው ሳይጨርሱ ፈረሰ። ታዲያ በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን የተመደበ አንድ ቡልጋሪያዊ መሐንዲስ ቤቱ ምሳ ጋበዘንና ቡናማ መልክ ያለው፣ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ሥጋ አቀረበልን። በይሉኝታ አንድ ጉርሻ ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በይሉኝታ አልበላሁም፤ እጅ ያስቆረጥማል። እንዴት እንደተሠራ ስጠይቀው አባቱ በገጠር ያላቸውን በርሜል ነገረኝ። ከታች እሳት፣ ከላይ በብረት የተንጠለጠለ ሥጋ፣ ከዚያ ክድን። ነበልባል ሳይነካው ጭሱ ብቻ ስድስት ሰዓት ያበስለዋል። በመሐል ክዳኑን መክፈት በፍጹም ክልክል ነው። እንዲህ የተሠራ ሥጋ ደግሞ ሳምንት ቢቀመጥ ወይ ፍንክች።

ሳምንት! በአዋሳ ሙቀት፣ ፍሪጅ በሌለበት ቤት! ጠዋት የተገዛ ሥጋ ማታ ላይ ከሰው ጋር መነጋገር በሚጀምርበት አገር! እርሳሴን አውጥቼ እዚያው ገበታው ላይ ነደፍኩት። በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ በመሥሪያ ቤቱ ቀለም፣ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ አድርጌ ደገምኩት። እንደዚያ ያማረ ንድፍ ሠርቼ አላውቅም፤ አለቃዬ አይቶት የውኃ ማጠራቀሚያ መስሎት አደነቀኝ።

በርሜሉን ከመሃል ከተማ፣ ከአንድ የዘይት ነጋዴ ገዝቼ በጋሪ አስመጣሁ። ባለቤቴ ተዋበች ጋሪው በር ላይ ሲቆም አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚመጣው፤ ለስንት ዓመት በርሜል ግዛ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ወጥታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ቀዳዳ እንደሌለው አየች፤ መረቀችኝ። ምርቃቱን እስክትጨርስ ጠብቄ እውነቱን ነገርኳት። ምርቃቱን እንደማታነሳ፣ ነገር ግን ለሌላ ሰው እንደምታዛውረው ነግራኝ ገባች።

በርሜሉን እንዲሠራልኝ የወሰድኩለት በያጅ ሙዘይን ይባላል፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወዲህ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ንድፌን ሰጠሁት። ገልብጦ አየው። አቃናሁለት። መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና የሚሠራውን እሱ እንደሚያውቅ ነገረኝ። እኔ የጭስ መውጫውን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ቱቦ አድርጌ ነበር የነደፍኩት። ሙዘይን ግን ዝናብ ይገባበታል ብሎ በጎን በኩል አወጣውና ቆልምሞ ወደ ታች አደረገው። ንድፉ ላይ የለም ብዬ ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። ሥራውን ሲያስረክበኝ ግራ ቀኙን አየና «እኔ ምንም አልሠራሁም፤ አንተም ምንም አላሠራህም» አለኝ። ትሑት ሰው ነው ብዬ አመሰገንኩት። ክዳን ያለው፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት፣ ከጎኑ የተቆለመመ ቱቦ የወጣለት በርሜል ለሌላው ሰው ሁሉ ምን እንደሚመስል ያልታየኝ እኔ ብቻ ነኝ። በዚያ ላይ ቀበሌያችን እህል ጠፋ ብሎ ያለ ፈቃድ አረቄ ማውጣትን የከለከለበት ሰሞን ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ በዓሣ አደረግሁ። ከሐይቁ ዳር አራት ቆሮሶ ገዛሁ። መሐንዲሱ «ደረቅ እንጨት» ብቻ ነበር ያለኝ፤ እንጨት ደግሞ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ባሕር ዛፍ ነው። በባሕር ዛፍ እንገነባለን፣ በባሕር ዛፍ እንቀቅላለን፣ ስንሞትም በባሕር ዛፍ ሣጥን ነው የምንቀበረው ማለት ይቻላል። ዓሣው ከአራት ሰዓት በኋላ ወርቅ መስሎ ወጣ። አንድ ጎረስኩ። አፍንጫዬ ወለል ብሎ ተከፈተ። ዓይኔ እንባ አዘለ። ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የታጠንኩት ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ። ተዋበች ቀመሰችና በደህና ቀን እንደማይበላ፣ ለበሽተኛ ግን ቢቀመጥ እንደማይከፋ ተናገረች። የጎረቤት ድመት አሽትታ አስነጠሳትና ዞራ ሳታይ ሄደች።

ሰው ግን ከስሕተቱ ይማራል፤ እኔም ተማርኩ። የተዋበች ወንድም አለታ ወንዶ ያረጀ ቡና ነቅሎ ስለነበር ግንዱን በጆንያ አስመጣሁ። የቡና እንጨት ጭሱ ቀጭን ነው፤ ዓይን አያቃጥልም፤ ሽታው ደስ ይላል። መስቀል ደረሰ። እንደ ሁልጊዜው የሰፈሩ ሰዎች ቅርጫ ገባን፤ እሑድ ጠዋት በሬው ታርዶ በየመደቡ ተከፋፈለ፤ ዕጣ ወጣ። እኔ የደረሰኝን መደብ በሙሉ፣ አንዲት ሙዳ ሳላስቀር፣ በርሜሉ ውስጥ አንጠለጠልኩ። ማታ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው ግቢያችንን ሞላው። ለመቅመስ ያልመጣ ቢኖር የታመመ ነው። ሲጨርሱ ለእኔና ለተዋበች አጥንት ቀረልን፤ እኔ ግን ከክብር ብዛት ጠግቤ ነበር።

ያን ማታ ከቀመሱት አንዱ ጋሽ ሶርሳ ናቸው። ጋሽ ሶርሳ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩ የወላይታ ሰው ናቸው፤ አናጺ፣ ዝምተኛ፣ በጸሎት ቤታቸው የተከበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አንዲት ልጃቸውን ምሕረትን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ሌላው ሲያወራ እሳቸው በርሜሉን ዞረው አዩት። በመጨረሻ ሥጋው በእውነት ሳምንት ይቆይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለምን እንደጠየቁ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐሙስ ለምሕረት ሽማግሌ ይመጣል። ልጁ መምህር ነው፤ ጋምቤላ ተመድቧል፤ ቅዳሜ ይሄዳል። ሐሙስ እሺ ከተባለ ሚስቱን ሊወስድ የሚመለስበት ቀን ይቆረጣል፤ ካልተባለ ግን ጋምቤላ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ምሕረት ልጁን ትወደዋለች፤ ይህንንም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ሶርሳ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቆጥበው የገቡባት አንዲት የቅርጫ መደብ አለቻቸው፤ ለሽማግሌዎቹ የሚያቀርቡት እሷን ነው። ሥጋው እሑድ፣ ሽማግሌው ሐሙስ።

ምሕረት ቋንጣ እናድርገው ብላ ነበር። ይህን አልክድም። አስተዋይ ልጅ ናት፤ ገመዱን ሁሉ ዘርግታ ነበር። እኔ ነኝ፣ ይህ የማይረባ አፌ ነው፣ «ለልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ቋንጣ ይቀርባል እንዴ?» ያልኩት። ጋሽ ሶርሳ አዩኝ፤ ልጃቸውን አዩ። ገመዱ ተጠቀለለ።

ሰኞ ማለዳ ሥጋውን ጨው አሽተን አንጠለጠልን። ዱካ ይዘን በርሜሉ አጠገብ ቁጭ አልን። ጭሱ በታቦር ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጋሽ ሶርሳ ስለ ምሕረት እናት ያወሩኛል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሥጋው ከተሰቀለ አራት ሰዓት ተኩል እንደሞላው ሦስት አብዮት ጠባቂዎች፣ አንዱ ጠመንጃ ይዞ፣ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ቱቦውን አዩት። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አለቃቸው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሥጋ ነው አልኩት። በርሜል ውስጥ? በርሜል ውስጥ። የሚጨስ? የሚጨስ። ጋሽ ሶርሳ ተነሥተው እሳቸው ጌታን የተቀበሉ ሰው እንደሆኑ፣ እንኳን አረቄ ጠላ ቀምሰው እንደማያውቁ ተናገሩ። አለቃው የማይጠጣ ሰው አረቄ የሚያወጣ ከሆነማ ለሽያጭ ነው ማለት ነው አለ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው እንግዲህ አብዮቱን የሚጠብቀው።

ከዚያ ክፈተው አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ክዳኑን ማንሣት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። አንሥቼ፣ ሥጋውን አሳይቼ፣ ምናልባት አንድ አንድ ጉርሻ ሰጥቼ፣ መልሼ መክደን። እኔ ግን መሐንዲሱ በፍጹም አይከፈትም ብሎኛላ! በርሜሉ ፊት ቆሜ እጄን ዘርግቼ «ስድስት ሰዓት ሳይሞላው አይከፈትም» አልኩት። ጠመንጃ ለያዘ ሰው! ስለ ጭስ አጠቃቀም ማስረዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ በእርሳስ የነደፍኩትንም ላመጣለት ገባሁ። ስመለስ በርሜሉን በርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ጋሪ ላይ እየጫኑት ነበር።

ከታቦር ቁልቁል ወደ ቀበሌው የሄድነውን ጉዞ እስክሞት አልረሳውም። ጋሪው ከፊት፣ እየጨሰ። ከኋላው እኛ ሁለታችን፣ በጠመንጃ ታጅበን። ከእኛ ኋላ የሽታው ምርኮኞች፤ መጀመሪያ ልጆች፣ ቀጥሎ ትልልቅ ሰዎች፣ ከሥጋ ቤቱ ደግሞ ቢላዋ የያዘ ሰው ከነሽርጡ ወጣ። ጋሽ ሶርሳ ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ወደዚህ ዓይነት ነገር ተጠግተው አያውቁም። እኔስ? እኔ ባለጋሪውን ቀስ በል፣ ሥጋው እሳቱ ላይ ይወድቃል እያልኩ እጮህ ነበር።

ቀበሌ ስንደርስ የስብሰባ ቀን ነበርና ኮሚቴው ሙሉ ነው። ጸሐፊው ወረቀት አውጥቶ «አንድ የሚጨስ በርሜል» ብሎ መዘገበ። ሊከፍቱት ሲነሡ ሰዓቴን አየሁ፤ ሥጋው ከተሰቀለ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖታል። አሁን የምናገረውን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ቃል ገብቻለሁና ልናገር። ሠላሳ ደቂቃ ብቻ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። ፈቀዱ! አጀንዳቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ቀበሌው ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ የቀረችኝን የቡና ፍልጥ ከሥሩ ጨመርኩ። በገዛ እጄ፣ ሳይበዛ ሳያንስ፣ ልክ አድርሼ አበሰልኩላቸው።

ተከፈተ። አረቄ የለም። የተባለው ሥጋ ነው። በጤና አገር ቢሆን ይቅርታ ተብሎ ይሸኛል። ጸሐፊው ግን ሥጋው በአረቄ አለመዘፍዘፉ በናሙና መረጋገጥ አለበት አለ። ሊቀመንበሩ ናሙና ወሰደ። የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ሴቶች ከምርመራው ሊገለሉ አይገባም ብላ ወሰደች። የወጣቶቹ ተወካይ ወሰደ። አብዮት ጠባቂዎቹ እኛ ነን የያዝነው ብለው ወሰዱ። የፍርድ ሸንጎ ዳኛው አቶ ደጀኔ፣ ስልሳ ያለፋቸው፣ ነጭ ሪዛቸውን በጥንቃቄ የሚያስተካክሉ ሰው፣ በአንድ ጉርሻ ፍርድ መስጠት እንደማይቻል ገልጸው ሦስት ጊዜ ወሰዱ፤ ሁለተኛውን ከጎድን፣ ሦስተኛውን ከታናሽ። የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ለመናገር ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጸሐፊው ሙሉ አፉን እያኘከ፣ ጓድ፣ ተራህን ጠብቅ አለኝ። ተራዬ ሲደርስ በርሜሉ ውስጥ ብረቱ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፦ ዕቃው ሥጋ እንጂ አረቄ አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ ሥጋው በምርመራ ሂደት አልቋል፤ በርሜሉ ለተጨማሪ ጥናት በቀበሌው ይቆያል፤ ግለሰቦቹ ነፃ ናቸው። ነፃ! የበሉት እነሱ፣ ነፃ የተባልነው እኛ!

ጋሽ ሶርሳን እስከ በራቸው ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ቆሙና «ለምን አልከፈትክላቸውም፣ ልጄ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ መጠየቃቸው ብቻ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ የቅርጫ አባላቱን ቤት ለቤት ዞርኩ። ግማሹ ጨርሶታል፤ ሥጋ የተረፈውንም ሰው ለመንኩና ይዤ ሄድኩ፤ ተዋበችም ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ይዛ ሄደች። ጋሽ ሶርሳ ሁሉንም አመስግነው መለሱ። ልጃቸውን ከጎረቤት በተለመነ ነገር እንደማይድሩ፣ በጎመን ሸኙ መባልንም እንደማይፈልጉ ነገሩን። ሐሳባቸውን ቆርጠዋል። ለሽማግሌዎቹ ዘመድ እስካማክር ከወር በኋላ ተመለሱ ይላሉ። ይህ ነውር የለበትም፤ ልጅ ሲጠየቅ ቀጠሮ መስጠት የተለመደ ነው። ልጁ ቅዳሜ እንደሚሄድ ግን እሳቸውም ያውቃሉ። ምሕረት ይህን ሁሉ ከጓዳ ሰማች። ጎመኗን መክተፍ አላቆመችም፤ ግን ለሁለት ቀን ፊቴን ማየት አልቻለችም፤ እኔም የእሷን።

ሐሙስ እኔ በቤቱ ወገን ተቀምጬ እንድቀበል ተጠራሁ። ጋሽ ሶርሳ ቂም አይዙም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል። አራት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት የገቡት፣ ነጭ ሪዝ፣ ነጭ ጋቢ፣ አቶ ደጀኔ ናቸው። መምህሩ ለካ የሚኖረው እሳቸው ግቢ ተከራይቶ ነው። እኔን አዩና በየት እንደሚያውቁኝ አሰቡ። ቀጥሎ ጋሽ ሶርሳን አዩ። ያን ጊዜ ሪዛቸውን የሚያስተካክለው እጅ ባለበት ቆመ።

እንደ ወጉ ቁጭ በሉ ሲባሉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። እሺ እስኪባሉ እንኳን ሊበሉ ውኃም አይቀምሱም፤ ደንቡ ይህ ነው። አቶ ደጀኔ ልጅዎን ለልጃችን አሉና ንግግሩ ጠፋባቸው፤ አንድ ሌላ ሽማግሌ ጨረሰላቸው። ጋሽ ሶርሳ ወለሉን እያዩ ደግ ነው፣ ነገር ግን ዘመድ ስላላማከርኩ ከወር በኋላ ብትመለሱ አሉ። ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ የብረት ድስት ክዳን ወደቀ።

እኔ እዚያ ተቀምጬ ደሜ ፈላ። በጋሽ ሶርሳ አይደለም፤ በራሴ፣ በበርሜሉ፣ በዚያ ሪዝ። ነውር እንደሆነ እያወቅሁ ተነሣሁና ዘመድ ሁሉ ተማክሯል አልኩ፤ የጠፋው የምትበሉት ነገር ነው፤ እሱንም ሰኞ ዕለት ምርመራ ብላችሁ ጨርሳችሁታል፤ እኒህ ሰውዬ ብቻቸውን ሦስት ጊዜ ወስደዋል፤ ሦስተኛውን ከታናሽ! ሦስቱ ሽማግሌዎች አቶ ደጀኔን አዩ። ጋሽ ሶርሳ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አቶ ደጀኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጋሽ ሶርሳ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ልጅ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ሽማግሌ የሚበላው እሺ ከተባለ በኋላ ነው። እኔ የዚህን ቤት ድግስ ሰኞ በልቼዋለሁ። በልቼ ሳበቃ ዛሬ ተመለስ ከተባልኩ፣ ከእንግዲህ የማንም ደጃፍ አልቆምም። ነውሩ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ይሸፍኑልኝ።»

ከዚያም አጎንብሰው የጋሽ ሶርሳን ጉልበት ሊይዙ ሞከሩ። ጋሽ ሶርሳ ሳያስነኩ ያዟቸው። ሁለቱ አዛውንት እንዲያ ተያይዘው ቆሙ። ጋሽ ሶርሳ ወደ መጋረጃው አዩ፤ እኔን አዩ፤ ተነፈሱ።

«እሺ» አሉ። «ቁጭ በሉ።»

ከእንግዲህ ያለውን ስናገር ንዴቴ ይቀዘቅዛል፤ ለዚህ ነው መጨረሻውን ለማንም የማልነግረው። ምሕረት ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ ወጣች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። እጅ ማስታጠብ የጀመረችው ከአቶ ደጀኔ ነው። አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ዘረጉላት፤ እሷም ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላቸውና በትሕትና «ይታጠቡ አባባ፤ ዛሬ ጎመን ነው» አለቻቸው።